እባክህን አጥፋልኝ

ከመገናኛ ወደ ጉርድ ሾላ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ጠባብ ሱቄ መስኮት ላይ «የኮምፒውተርና የሞባይል ጥገና፣ ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ሲቪ እንጽፋለን፣ ዲቪ እንሞላለን» የሚል ተለጥፏል። «እናጠፋለን» የሚል የለበትም። ሆኖም ካለፉት አራት ዓመታት ወዲህ በሳምንት አንድ ሁለት ሰው በሩን ገፋ አድርጎ ይገባል፤ ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የስልክ ሽፋኖች እያየ ይቆያል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወንድም፣ ከኢንተርኔት ላይ ነገር ማጥፋት ትችላለህ?» ይለኛል።

መጀመሪያ አካባቢ «እስኪ እሞክራለሁ» ብዬ ኮምፒውተሩ ፊት እቀመጥ ነበር፤ የሆነ የምስጢር ቁልፍ ያለ ይመስል። አሁን ወንበር አቀርብላቸውና አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፤ «ማን ነው የለጠፈው?» ሰዎች ሲመጡ በሐሳባቸው ያለው ሀከር ነው፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሰው ምስጢር የሚዘርፍ ጎረምሳ። እየተነጋገርን ስንሄድ ግን የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸው ስም ነው፤ ካልሆነም የእህታቸው፣ የቀድሞ ጓደኛቸው ወይም የአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት።

አንዲት ደንበኛዬ እንዳትታወቅ ዝርዝሯን ቀያይሬ ልንገራችሁ። በ2012 ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ሲዛወሩ ፍሪጅና ሶፋ ለመሸጥ ፎቶውን ከስሟና ከስልክ ቁጥሯ ጋር አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈች። ፍሪጁ በሁለት ቀን ተሸጠ። ቁጥሩ ግን እስከ ዛሬ እዚያው ነው። «ፍሪጁ አለ?» ብሎ የሚጀምርና «ድምፅሽ ደስ ይላል» ብሎ የሚቀጥል ሰው በሌሊት ይደውልላታል። አንድ ቀን ተናዳ የቴሌግራም አካውንቷን ሙሉ በሙሉ ሰረዘችው። ከዚህ በኋላ ነው ወደ እኔ የመጣችው፤ ያኔ ሥራው ከብዷል።

ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። አካውንት ሲሰረዝ ግሩፕ ላይ የተጻፈው አብሮ አይጠፋም፤ ስሙ ብቻ ተነሥቶ «የተሰረዘ አካውንት» በሚል ምልክት ይቀራል። አካውንቱ እያለ ቢሆን ኖሮ መልእክቱን ራሷ በአንድ ጊዜ ከሁሉም ሰው ስልክ ላይ ማጥፋት ትችል ነበር። ቤቱን ቆልፋ ቁልፉን ወርውራለች ማለት ነው። ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መጀመሪያ የምነግረው ይህን ነው፤ በንዴት አካውንት አትዝጉ። መጀመሪያ የለጠፋችሁትን አንድ በአንድ ፈልጋችሁ አጥፉ፣ አካውንቱን መዝጋት የመጨረሻ ይሁን።

ቁጥሯን ፍለጋ ጀመርን። አንድ ቁጥር ብዙ ልብስ አለው። በ09 ተጀምሮ ይጻፋል፣ በ251 ይጻፋል፣ የመደመር ምልክት ይቀድመዋል፣ በየሁለት አሃዙ ክፍተት ይገባበታል። ሁሉንም ካልሞከሩ «የለም» ብለው ይመለሳሉ። እኛ ዋናውን ግሩፕ አገኘን፣ ከእሱ የተቀበሉ ሦስት ቻናሎችን አገኘን፣ በመጨረሻም ከቻናሎቹ ማስታወቂያ የሚሰበስብ አንድ የሽያጭ ድረ ገጽ ተገኘ። ፎርዋርድ የተደረገ መልእክት ራሱን የቻለ ቅጂ ነው፤ እናቱ ብትሞትም ልጁ ይኖራል።

ያኔ ነው የሥራዬ ጠባይ የገባኝ። እኔ ካቻቪቴና ብየዳ የለመድኩ ሰው ነኝ፤ ይህ ግን የልመና ሥራ ነው። ለየአድሚኑ በአማርኛ፣ በትሕትና፣ በአምስት መስመር ጻፍኩ፤ የመልእክቱን ሊንክ አያያዝኩ፣ «እህታችን በዚህ ቁጥር ምክንያት እየተቸገረች ነው» አልኩ፣ ማስፈራሪያ አልጨመርኩም። አንዱ በአሥር ደቂቃ «ይቅርታ፣ አጥፍቻለሁ» አለ። ሁለተኛው 500 ብር ጠየቀ፤ ስከራከረው ቆይቼ «እናትህ ብትሆንስ?» ብዬው በነጻ አጠፋ፤ ኋላ ላይ የስልክ ስክሪን ሊያስቀይር መጥቶ ተዋወቅን። ሦስተኛው ቻናል ባለቤቱ ጥሎት የሄደ ነው፤ የሚመልስ የለም። እሱን ለቴሌግራም ሪፖርት አድርገናል፤ እስከ ዛሬ ግን አለ። አራተኛው ያው ዋናው ግሩፕ ነው፤ አድሚኑ ሐዘን ላይ ስለነበር ሁለት ሳምንት ጠበቅን።

የሽያጭ ድረ ገጹ ማስታወቂያውን ከዘጠኝ ቀን በኋላ አነሣው። ሴትዮዋ ግን በማግሥቱ ደውላ «ጎግል ላይ አሁንም አለ» አለችኝ። ጎግል የቤቱ ባለቤት አይደለም፤ «እዚያ ቤት አለ» ብሎ የሚጠቁም ነው። ቤቱ ከፈረሰም በኋላ ጠቋሚው ባየው ጊዜ የጻፈውን ይዞ ይቆያል። ገጹ የእውነት ከተነሣ፣ ያረጀውን ውጤት እንዲያድስ የሚጠየቅበት ቅጽ አለው። ገጹ ሳይነሣም ቢሆን የስልክ ቁጥር፣ የቤት አድራሻ ወይም የመታወቂያ ቁጥር ለሚያሳይ የፍለጋ ውጤት የማስወገጃ ጥያቄ ይቀበላል፤ ይህን መንገድ እ.ኤ.አ. በ2022 አስፍቶታል። ይህ ግን ጠቋሚውን ዝም ማሰኘት ነው፤ ቤቱ እዚያው ይቆማል።

«ለምን ሲም አትቀይርም?» የሚለኝ ብዙ ነው። አሁን ደግሞ በ07 የሚጀምረውም ስላለ ሰው ሲም መግዛት እንደ ካልሲ መቀየር ቀሎታል። እኔ ግን አሮጌውን ቁጥር መጣል ያስፈራኛል። ባንክ በእሱ ነው የሚያውቀን፣ ቴሌብር በእሱ ነው፣ ቴሌግራምና ኢሜይል የማረጋገጫ ኮድ የሚልኩት በእሱ ነው። ሳይሠራ የቆየ ቁጥር ተመልሶ ለሌላ ደንበኛ ሊሸጥ ይችላል። አዲሱ ባለቤት ምንም ክፋት ሳያስብ ቴሌግራም ሲከፍት ኮዱ ለእሱ ይደርሰዋል፣ የሌላ ሰው አካውንት ይከፈትለታል። ሲም የሚጣለው የተያያዘበት ሁሉ አንድ በአንድ ከተፈታ በኋላ ነው። ለሴትዮዋ ሲሙን አላስቀየርኳትም፤ ቴሌግራሟን እንደገና ከፍተን ቁጥሯን ማን ማየት እንደሚችል «ማንም» ላይ፣ በቁጥሯ ማን ሊያገኛት እንደሚችል ደግሞ «የማውቃቸው ብቻ» ላይ አደረግነው። ይህን የሚያህል ነገር በሁለት ደቂቃ ያልቃል፤ ሰው የማያደርገው ስለማያውቀው ነው።

ስለ ስልክ ቁጥር ካነሣሁ አይቀር፣ የደዋይን ስም የሚያሳዩት አፖች ሳቅም ራስ ምታትም ናቸው። አንድ ደላላ ደንበኛዬ ቁጥሩ ሲደወል በሰው ስክሪን ላይ የሚወጣው ስም «ተካ ውሸታም» መሆኑን ከደንበኛው ሰምቶ እየተንቀጠቀጠ መጣ። ማን ጻፈው? ስልኩ ላይ እንዲያ ብሎ የመዘገበው አንድ ሰው። ያ ሰው አፑን ሲጭን «ኮንታክትህን ልይ?» ሲባል «እሺ» አለ፤ የስልክ ማውጫው ሙሉውን ሄደ። ተካ አፑን ጭኖ አያውቅም፣ «እሺ» ያለውም የለም። የእኔን ቁጥር ብፈልገው «ኮምፒውተር ሠሪው መገናኛ» ይላል፤ ደግ ሰው ነው የመዘገበኝ። እነዚህ አገልግሎቶች ቁጥርን ከዝርዝራቸው የሚያወጡበት ገጽ ብዙ ጊዜ አላቸው። አካውንት ያለው ሰው ግን አስቀድሞ አካውንቱን መዝጋት አለበት፤ ለዓመት ጠፍቶ አንድ ቀን አፑን መልሶ ከጫነው ደግሞ ቁጥሩም ይመለሳል። ተካን አስወጣሁት። «ውሸታም» ያለው ማን እንደሆነ ለማወቅ ግን ሲለማመጠኝ ሁለት ሳምንት ተመላለሰ። አላውቅም፤ ባውቅም አልነግረውም ነበር።

ሳልፈልግ የተማርኩት ሌላው ሥራ ከባዱ ነው። አንዲት ተማሪ ከእናቷ ጋር መጣች። የተለያት ልጅ ፎቶዋን «እለጥፋለሁ» እያለ ገንዘብ ይጠይቃል። እናትየው ስልኩን ሰጥታኝ «ሁሉንም አጥፋልኝ» አለች። እጄን ከስልኩ ላይ አነሣሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ የመጀመሪያው ሥራ ማስቀመጥ ነው፤ የዛቻው መልእክት፣ ቀኑ፣ የላከበት አካውንትና ቁጥር በስክሪንሾት ይያዛል፤ ያለ እሱ ፖሊስ ዘንድ ባዶ እጅ መሄድ ነው። ገንዘብ አይላክም፤ አንዴ የላከ ሁለተኛ ይጠየቃል። ቀጥሎ፣ ዕድሜዋ ከ18 በላይ ስለነበር፣ ስቶፕ ኤንሲአይአይ የተባለውን አገልግሎት ከፈትንላት። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ከእንግሊዝ የተጀመረ ነው። ብልሃቱ ምስሉ ከስልኳ አለመውጣቱ ነው፤ ስልኳ ላይ እንዳለ የምስሉ የቁጥር አሻራ ይወሰድና አሻራው ብቻ ለአባል ድርጅቶች ይላካል። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ከአባላቱ ውስጥ ናቸው። አንድ ሰው ያንኑ ምስል እዚያ ሊጭን ሲሞክር አሻራው ይገጥምና ሊያግዱት ይችላሉ። ሁሉም ድርጅት አባል አይደለም፣ የተቆረጠ ወይም የተቀየረ ምስል አሻራው ሊለይ ይችላል፤ ይህን ሳልነግራት ብሸኛት ዋሽቻታለሁ ማለት ነው። ዕድሜ ከ18 በታች እያለ ለተነሣ ምስል ደግሞ የአሜሪካው የጠፉና የተበደሉ ሕፃናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2023 የከፈተው ተመሳሳይ አገልግሎት አለ። እናትየው በመጨረሻ «አንተ ፎቶውን አላየኸውም አይደል?» አለችኝ። አላየሁትም፤ ስልኩን ይዛ የሠራችው ልጅቷ ራሷ ናት፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ የምትነካውን እነግራት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ደንቤ ይኸው ነው።

በበጋ ከአሜሪካ የሚመጡ ዘመዶቻችን ደግሞ የሌላ ዓይነት ጭንቀት ይዘው ይመጣሉ። እዚያ የሰውን አድራሻ መሰብሰብና መሸጥ የታወቀ ንግድ ነው። ስም ሲጻፍ አሁን ያለበት ቤት፣ በፊት የኖረባቸው ቤቶች፣ ዕድሜው፣ የቤተሰቡ ስም ተዘርዝሮ ይወጣል። ከቨርጂኒያ የመጣ አንድ ሰው እኔ ሱቅ ቁጭ ብሎ የራሱን ስም ሲፈልግ፣ የሟች እናቱን ስም ከቤቱ አድራሻ ጋር አየ። ከየድርጅቱ ዝርዝር የመውጫ ቅጽ አለ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሞላን። ከወራት በኋላ ደውሎ «ሁለቱ መልሰው አወጡኝ» አለ፤ ከመንግሥት መዝገቦችና ከሌሎች ሻጮች አዲስ ሲሰበስቡ ይመለሳል። በአገር ደረጃ አንድ ወጥ የግል መረጃ ሕግ ስለሌላቸው ነገሩ እንደየክፍለ ግዛቱ ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣችው ሕግ ነዋሪዋ በአንድ ማመልከቻ ሁሉንም መረጃ ነጋዴዎች «አጥፉኝ» እንዲል መንገድ አበጅታለች። የእኔ ሰው ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው።

አውሮፓ ያሉት ይሻላቸዋል፤ ይህን የምለው ማሪዮ ኮስቴሃ ጎንዛሌዝ የሚባለውን ስፔናዊ እያሰብኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በማኅበራዊ ዋስትና ዕዳ ምክንያት ቤቱ ለጨረታ መቅረቡ «ላ ቫንጓርዲያ» ጋዜጣ ላይ ወጣ። ዕዳው ካለቀ ከዓመታት በኋላም ስሙ ሲፈለግ የሚወጣው ያ ማስታወቂያ ነበር። ተከራከረ፣ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. ሜይ 13 ቀን 2014 ፈረደለት፤ የጋዜጣው ገጽ ይቀመጥ፣ በስሙ ሲፈለግ ግን የሚያደርሰው ሊንክ ይነሣ ተባለ። እነሆ እኔ፣ ጉርድ ሾላ መንገድ ላይ የተቀመጥኩ ጠጋኝ፣ የሰውየውን የ1998 ዕዳ አውቃለሁ። እንዳይታወቅበት ባይከራከር ኖሮ አላውቅም ነበር። ድሉ ግን ለሌላው ተርፏል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ ላይ የዋለው የኅብረቱ የዳታ ጥበቃ ደንብ በአንቀጽ 17 ዳታ የማስጠፋት መብት ሰጥቷል፣ ድርጅቶችም በመደበኛው በአንድ ወር ውስጥ መልስ መስጠት አለባቸው። ፍራንክፈርት ያለች የደንበኛዬ እህት ይህን አንቀጽ ጠቅሳ ሦስት መስመር ጽፋ መልስ አገኘች። እኔ እዚህ «እናትህ ብትሆንስ» እያልኩ ነበር የምሠራው።

ይህን ማለት ካቆምኩ ግን ቆየሁ። የኛም አገር የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አንድ ጠበቃ ደንበኛዬ ነገረኝ፤ አትሜ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ በልመና ደብዳቤዎቼ መጨረሻ ላይ ቁጥሩን መጥቀስ ጀመርኩ። አድሚን ያስደነግጣል ብዬ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ፣ ሥራ ፈት ሆኜ፣ ወረቀቱን ከመጀመሪያው ማንበብ ያዝኩ። የሰውን ዳታ ስለሚሰበስብና ስለሚያከማች ሰው ይናገራል፤ ለተሰበሰበበት ዓላማ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ አይያዝ ይላል። ቀና ብዬ የጠፋውን ስክሪን አየሁት። የሚያወራው ስለ እኔ ነበር።

ዴስክቶፔ ላይ «ዲቪ» የሚል ፎልደር አለ፤ ነበረ። የአሥራ አንድ ዓመት። በየጥቅምቱ ሱቄ ዲቪ በሚሞላ ሰው ይጨናነቅ ነበር። የያንዳንዱ ሰው ፎቶ፣ የልደት ቀን፣ የባልና ሚስት ስም፣ የልጆች ስም ከነፎቷቸው፣ የማረጋገጫ ቁጥሩ፤ ኢሜይል የሌለው ስለሚበዛ የሞላሁት በሱቁ ኢሜይል ነው። ከጎኑ «ስካን» የሚል ፎልደር፤ መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ። የሱቁ ቴሌግራም ደግሞ ሌላ ጉድ ነው፤ ሰው «ይሄን ፕሪንት አድርግልኝ» ብሎ የላከው ሁሉ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል፣ አንድም ቀን አጥፍቼ አላውቅም። ኮምፒውተሩን ረዳቴ ይከፍተዋል፣ ከእሱ በፊት የነበሩት ሦስት ረዳቶችም ይከፍቱት ነበር፤ ይለፍ ቃሉ የሱቁ ስልክ የመጨረሻ አራት አሃዝ ነው። የሰው ስም ከኢንተርኔት ላይ እንዲጠፋ ስለምን የኖርኩ ሰው ከመገናኛ እስከ ጉርድ ሾላ ያለውን ሕዝብ ግማሽ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። ስለ ፎቶ ኮፒ ቤት ከላይ ያልኩትን ታስታውሳላችሁ።

አሮጌዎቹ ቀላል ነበሩ። የአንድ ዓመት ዲቪ ጊዜው ካለፈ ለባለቤቱም አይጠቅምም። ግን በቆሻሻ መጣያው ምልክት ብቻ ማጥፋት ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የተሰረዘ ፎቶ እየመለስኩ ነው እንጀራ የምበላው። በተለይ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ የጠፋው ነገር ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ተኝቷል። ዲስኩ ላይ ሌላ ነገር ደጋግሜ አጻፍኩበት፣ አንድ ሌሊት ፈጀ። ቴሌግራሙን በሁለቱም ወገን እያጠፋሁ ወረድኩ። አሁን ፕሪንት አድርጌ ስጨርስ ደንበኛው እያየ አጠፋዋለሁ። ምስጋና ጠብቄ ነበር። «እንዴ! ሲቪዬን አታስቀምጥልኝም? ሌላ ቦታ ሁሌ ይኖራል እኮ» ይሉኛል፤ አንዱ በዚሁ ተቀይሞ ወደ ማዶው ሱቅ ሄዷል።

የቀረው የዘንድሮው ዲቪ ነበር፤ 63 ቤተሰብ። ለእነዚህ የማረጋገጫ ቁጥራቸውን ሳላስረክብ ማጥፋት አልችልም፤ አንድ በአንድ ደወልኩ። ከመካከላቸው አንዷ ልጅ ዱባይ ሄዳለች፤ ስልኩን ያነሡት እናቷ ናቸው። ሁኔታውን ሳስረዳ ቆይቼ ስጨርስ «አንተ ጋ ይቀመጥ ልጄ፣ እኔ የት አደርገዋለሁ?» አሉኝ። «እማማ፣ እኔ ጋ መቀመጡ ነው ችግሩ» አልኩ። በማግሥቱ መጡ። ቁጥሩን በትልቅ ፊደል አትሜ ሰጠኋቸው። ዝናብ እንዳይነካው ላሚኔት እንዳደርገው ጠየቁኝ፣ አደረግሁት። እያዩት ቆይተው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩትና፣ መልሰው ፈቱት።

«እስኪ አንዴ በስልክህ አንሣውና ላክላት» አሉ።

አነሣሁት፣ በኢሞ ላክሁላት። እሳቸው ከወጡ በኋላ ፎቶውን ከስልኬ አጠፋሁት፤ ቀጥሎም የተሰረዙ ከሚቀመጡበት ፎልደር ውስጥ። ማታ ሱቅ ልዘጋ ስል ከዱባይ መልስ ገባ፤ «ደርሶኛል ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ግን ምናልባት ስልኬ ከጠፋ፣ አንተም ጋ ይቀመጥልኝ።»